ጋን ያለበሰችው ጃርት

ማነው ያንን የጋን ክዳን የሚነካካው? ተዉት ብያለሁ! ጠላ በየደቂቃው እየከፈቱ ቢያዩት አይደርስም። ኑ፣ ቁጭ በሉና እስኪደርስ ድረስ ተረት ላውጋችሁ።

ድሮ ድሮ፣ ዛፍና ድንጋይ ጎረቤት እየተባባሉ በሚኖሩበት፣ ስሙን እኔም በረሳሁት አገር፣ ባሏ የሞተባት እመት ጃርት ነበረች። ወንዙ ዳር ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራ፣ ገና እሾሃቸው ያልጠነከረ ሦስት ልጆቿን ይዛ ትኖራለች። በዚያ አገር ቀኑ ድንጋይ ይሰነጥቃል፣ ሌሊቱ ያንዘፈዝፋል። ከዚያ ጉድጓድ ሌላ ለልጆቿ የሚሆን ቤት አልነበራትም።

አንድ ቀን አያ ጅቦ መጣና ጉድጓዱን አሽትቶ፣ «ይሄ ቤት ለእኔ ነው የሚመጥነው፤ ልቀቂልኝ» አላት።

«ምን ሲደረግ! በእነዚህ ጥፍሮቼ የቆፈርኩትን?»

ተካሰሱ። ዳኛው አያ አንበሶ ነበር። እሱ ደግሞ ልጁን ሊድር ሽር ጉድ ላይ ስለነበረ ሙግት የሚሰማበት ጆሮ አልነበረውም። የትልቅ ሰው ፍርድ አንዳንዴ እንዲህ ነው፣ ምን ታደርጉታላችሁ። «ጠላ ጥመቁልኝ» አላቸው። «ብቅሉም ጌሾውም ከእኔ ጎተራ፣ ለሁለታችሁም እኩል። በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ በሠርጉ ዕለት መጥቼ እቀምሳለሁ። ጠላው የጣመለት ጉድጓዱን ይውሰድ።»

ሁለቱም ጋናቸውን በግራዋ አጥበው፣ በወይራ አጥነው ጠነሰሱ። እስከዚህ ድረስ እኩል ነበሩ።

አያ ጅቦ ጋኑን ፀሐይ ላይ፣ የጋለ ቋጥኝ ላይ ጎለተው። አልበቃ ብሎት ዙሪያውን ፍም ደረደረበት። «ፍላ! ፍላ! ቶሎ ፍላ!» እያለ ይዞረዋል። በሦስተኛው ቀን ጋኑ አረፋ ደፈቀ፣ ክዳኑን አሽቀንጥሮ ጣለው። አያ ጅቦ በደስታ መንደሩን አዳረሰ። «የእኔ ፈላ! የእሷ ገና አላዛጋም!»

እመት ጃርት ማገዶ የላትም። ያላት አንድ ያረጀ ጆንያ፣ ጥቂት ጭድና የወንዙ ውኃ ነው። ጋኗን ጥላ ሥር አስቀመጠች። ጠዋትና ማታ ጉንጯን ለጠፍ እያደረገች ትጠይቃታለች፤ «ጋኔ፣ እህቴ፣ ሞቀሽ ወይስ በረደሽ?» ቀን ሲግል ጆንያውን ወንዝ ውስጥ ነክራ ታለብሳታለች፤ ነፋሱ እርጥቡን ጆንያ ሲነካው ጋኗን ቀዝቀዝ ያደርግላታል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደግሞ ጆንያውን ገፍፋ ጭዱን ትከምርባታለች።

አያ ጅቦ በዚያ ሲያልፍ ይህን አይቶ በሳቅ ተንፈራፈረ። «ኧረ ጉድ! ለጋን ልብስ! ነገ ደግሞ ክርስትና ታስነሻታለሽ!»

«አያ ጅቦ፣ ጋኗ ሆድ ውስጥ ሥራ አለ» አለችው። «ሠራተኛ በጣም ሲሞቀው ይቆጣል፣ ሲበርደው ይተኛል። የእኔ ሳይቆጣም ሳይተኛም እንዲሠራልኝ ነው።»

«ሥራሽ ያውጣሽ!» ብሏት ሄደ።

በሰባተኛው ቀን ከተራራው ውርጭ ወረደ። እመት ጃርት አመሻሹ ላይ ጉንጯን ለጠፈች። «ጋኔ፣ እህቴ፣ ሞቀሽ ወይስ በረደሽ?» ጋኗ እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዛለች። ጆሮዋን ብትጥል ያ ጠላው ሲፈላ ኩልኩል የሚለው ድምፅ የለም። የከመረችው ጭድ አልበቃም፤ የቀረው ጭድ የልጆቿ መኝታ ብቻ ነው። ያንን ለጋኗ ብታለብሰው ልጆቿ በብርድ ያልቁባታል። ብትተወው ጠላው ሳይሠራ ይቀራል፣ ጉድጓዱም ይሄዳል፣ ያኔም ልጆቿ በብርድ ያልቁባታል። እመት ጃርት ቁጭ ብላ አለቀሰች።

አለቀሰች አለቀሰችና እንባዋን ጠረገች። ጋኗን እያቀፈች እየጎተተች ጉድጓዱ ውስጥ አስገባቻት። የልጆቿን መኝታ ዙሪያዋን ጠመጠመችና ልጆቿን በጭዱና በጋኗ መካከል ሸጎጠቻቸው። ልጆቹ ጋኗን አሞቋት። ጋኗም ቀስ በቀስ ነቃች፣ ኩልኩል ማለት ጀመረች፣ መልሳ እነሱን አሞቀቻቸው። ውርጩ እስኪያልፍ ድረስ እንዲሁ ተቃቅፈው አደሩ።

የሠርጉ ዕለት አያ አንበሶ ዋንጫውን ይዞ መጣ። መጀመሪያ ከአያ ጅቦ ጋን ተቀዳለት። አንድ ጊዜ ሳብ ሲያደርግ ፊቱ ተኮማተረ፣ ጢሙ ቆመ። «እትፍ! ይሄ ጠላ ነው ሆምጣጤ?»

«ብቅሉ ነው ጌታዬ! ብቅሉ ተበላሽቶ ነው እንጂ የእኔ እኮ በሦስት ቀን ነው የፈላው!»

«ብቅሉ የእኔ ነው» አለ አያ አንበሶ።

ከዚያ ወደ እመት ጃርት ደጃፍ ሄዱ። ቀዳችለት። ጠጣ። ዋንጫውን ጨለጠና «ድገሚኝ» አላት። ሁለተኛውን ከጨረሰ በኋላ ነው የጠየቃት፤ «ምን ጨመርሽበት?»

«ምንም ጌታዬ። እንደ ልጆቼ በየቀኑ ጠየቅኋት፣ የነገረችኝንም ሰማሁ።»

አያ አንበሶ ጎንበስ ብሎ ጉድጓዱን ቢያይ፣ ሦስቱ ትንንሾች ጭድ ውስጥ ጋኗን አቅፈው ተኝተዋል። ብዙ ቆሞ አያቸው። ያን ዕለት ሲፈርድ ጉድጓዱ ውስጥ ልጆች መኖራቸውን እንኳ አልጠየቀም ነበር።

«ጉድጓዱ የእሷ ነው» አለ በመጨረሻ። «መጀመሪያም የእሷ ነበር። ያን ዕለት ቁጭ ብዬ ባዳምጣት ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር፤ እኔም ቸኩያለሁ። አንተ ግን አያ ጅቦ፣ የጠመቅኸውን አንተው ትጠጣዋለህ።»

ሠርገኛው ሁሉ የእመት ጃርትን ጠላ እየጠጣ ሲጨፍር፣ አያ ጅቦ ከበር ውጭ ቁጭ ብሎ ያንን ሆምጣጤውን ዓይኑን እየጨፈነ ጨረሰው።

በሉ እንግዲህ፣ ክዳኑን መልሱልኝ፣ ተረቴን ጠጡልኝ፣ ይቺንም ቋጥራችሁ ሂዱ፦ ያጣደፉት ጠላ ፊት ያኮማትራል፣ የጠበቁት ጠላ ቤት ያስከብራል።