በምስክር ፊት የተነበበ ዋጋ

ይህን ያወጉን የእድራችን ዳኛ ጋሽ ድንበሩ ናቸው። ስብሰባው አልቆ ነበር፤ ግን ሰው ሁሉ በቤት ዋጋ ይጨቃጨቅ ስለነበር ከወንበሩ የሚነሣ ጠፋ። አንዱ ደላላን ይረግማል፣ ሌላው ከውጭ የመጣውን ባለ ዶላር። አምሳሉ የሚባለው አዲስ ሙሽራ ደግሞ ቤት ሊገዛ ከሰፈር ሰፈር ሲንከራተት ከርሞ ፊቱ ጠቁሯል።

«ጋሽዬ፣ እርስዎ ይፍረዱን» አለ። «ሰፈሩን እንዲህ ያስወደደው ማነው?»

ጋሽ ድንበሩ ወደ እሱ ዞር ብለው እንዲህ ሲሉ ጀመሩ።

አንድ ሰው ነበረ። ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ዓይናቸው ከደከመ እናቱ ጋር አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይቶ ይኖር ነበር። እሱ ጠዋት ወደ ሱቁ ይወጣል፣ እናቱ እስኪመለስ ብቻቸውን ይውላሉ። አንድ ቀን በሩን ሲከፍት እናቱ ሲያወሩ ሰማ።

«ከማን ጋር ነው እማዬ?»

«ከማንም። ደህና ዋልሽ የሚለኝ ባጣ ራሴን ደህና ዋልሽ እያልኩ ነው» አሉት።

ሰውየው እናቱን ሰላም የሚል ጎረቤት ያለበት ቤት ሊገዛ ቆርጦ ተነሣ። ሌላ ምንም አልፈለገም።

ስንት ቤት አየ መሰላችሁ። አንዱ ሲሰፋ ሰው የለበትም፣ አንዱ ሲያምር ጎረቤቱ አይተያይም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤት ከሚያሳየው ደላላ ጋር በአቋራጭ ሲሄድ ከአንድ ጉራንጉር ገባ። ፀሐይዋ በዛገው ቆርቆሮ ላይ ተኝታለች። የጭቃ ቤቶቹ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው የሚያንቀላፉ ይመስላሉ። በሮቹ ሁሉ ክፍት ናቸው። ከአንዱ ቤት ራዲዮ ይሰማል፤ ከሚቀጥለውም ያው ራዲዮ፣ ያው ድምፅ። ጉራንጉሩን ከላይ እስከ ታች ሲወርድ አንዲት ቃል አላመለጠችውም። አንዲት ሴት በአጥሩ ላይ ሰሃን አቀበለች፤ ከወዲያ በኩል እጅ ብቻ ታየና ተቀብሎ ጠፋ። የማያውቃቸው ሰዎች «እንደምን ዋልክ» አሉት፤ መልሱንም ቆመው ጠበቁት። እናቱን በዚያ መንገድ ላይ፣ በትራቸውን ይዘው፣ ከየበሩ ሰላምታ እየተቀበሉ ቀስ ብለው ሲሄዱ አያቸው። እንደ ሕልም አያቸው። እግሩ መሬት የረገጠ አልመስል አለው።

«እዚህ ነው» አለ።

ደላላው ሳቀ። «እዚህማ የሚሸጥ የለም ጌታዬ። እዚህ ያለ ሰው ቤቱ ዋጋ እንዳለውም አያውቅ።»

«እንግዲያው ጠይቅልኝ።»

ሲጠየቅ አንዲት ባልቴት ተገኙ። ልጃቸው ከሩቅ ኑልኝ እያለች ትጨቀጭቃቸው ነበርና ተስማሙ። ሰውየው የተጠየቀውን ሳይከራከር እሺ አለ።

የውሉ ቀን ለምስክርነት ሦስት ጎረቤቶች ተጠሩ፤ ልብስ ሰፊው፣ ጡረታ የወጣው ሹፌርና በርበሬ ቸርቻሪዋ። መቼም እንደምታውቁት ምስክር ይፈርማል እንጂ ዋጋ አይሰማም። ደላላው የዋጋውን መስመር በመዳፉ ይሸፍንና የሚፈረምበትን ቦታ ብቻ ያሳያል። ሰውየው ይህን ሲያይ ቅር አለው።

«እጅህን አንሣ» አለው። «ጎረቤቶቼ ሊሆኑ ነው። ባልቴት አታሎ ገባ እንዳይሉኝ ይስሙት።»

«ተው ጌታዬ፣ ትቆጫለህ» አለ ደላላው በጆሮው።

አልሰማውም። የደላላውን እጅ በገዛ እጁ አንሥቶ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ።

«ሚሊዮን ነው ያልከው ልጄ?» አለ ሹፌሩ።

«ስድስት ሚሊዮን።»

«ለዚች?» አለች በርበሬ ቸርቻሪዋ፣ ግድግዳውን በጣቷ ነካ አድርጋ። ወዲያው ባልቴቷን አየቻቸው። «ይቅርታ እትዬ፣ ቤትዎን መናቄ አይደለም። ግን የኔ እኮ ብሎኬት ነው።»

«ያንቺ ብሎኬት ከሆነ የኔም መንገድ ዳር ነው» አለ ልብስ ሰፊው።

ተሳሳቁ፣ ፈረሙ፣ መረቁት። ሰውየው ደስ ብሎት ሄደ። ልብስ ሰፊው ቤቱ ሲደርስ ወዲያው እንዳልገባ፣ በአጥሩ ጥግ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ግቢውን በእርምጃ እንደለካ ግን ሰውየው አላየም።

ቤቱን ሲያስጠግን ሁለት ወር ወሰደበት። በዚያ መሐል ዕቃ የጫኑ መኪናዎች በዝግታ ያልፉ ነበር። ከተጫነው ፍራሽ ላይ የተቀመጡት የሰፈሩ ሰዎች እጃቸውን ያውለበልቡለታል፤ እሱም ያውለበልባል፤ የሚመለሱ ይመስለዋል።

እናቱን አመጣቸው። በማግስቱ ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው ብቻቸውን ወጡ። እየዳሰሱ የሄዱት ግንብ አዲስ ነው፣ ይቀዘቅዛል። ከመጀመሪያው በር ቆመው «እንደምን አደራችሁ» አሉ።

ከብረት በሩ ኋላ ዘበኛው «ማንን ፈልገው ነው?» አላቸው።

ወደሚቀጥለው ሄዱ። «ባለቤቶቹ የሉም።»

ሦስተኛው በር ላይ ውሻ ጮኸባቸው። ተመለሱና ልጃቸውን «ቤቱስ መልካም ነው። ሰዎቹ መቼ ነው የሚመጡት?» ብለው ጠየቁት።

ጋሽ ድንበሩ እዚህ ላይ ሲደርሱ አምሳሉን አዩት።

«ያስወደደው ማነው አልከኝ። ደላላውም አለበት፣ ባለ ዶላሩም አለበት። ይህ ሰው ግን ሰፈሩን በቅን ልቡ ነው ያፈረሰው። ሰላምታው ከቤቱ ጋር አብሮ የሚሸጥ መሰለው። ሰላም የሚሉት ሰዎች ዋጋቸውን ያልሰሙ ሰዎች ነበሩ፤ ያሰማቸው ደግሞ እሱ ራሱ ነው። አንተም ያ ሰው ነህ ልጄ። ባለፈው ቅዳሜ ከጎረቤታችን ከእትዬ የሺመቤት በር ቆመህ፣ እንደማይሸጡ እያወቅህ፣ ‹ቢሸጡት ግን ስንት ይሉኛል?› ብለሃቸዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ሴትዮዋ አጥራቸውን ሲያዩ ነው የሚውሉት።»

አምሳሉ አንገቱን ደፋ። «ለመሆኑ ሰዎቹ ምን ሆኑ?» አለ።

ጋሽ ድንበሩ ነገሩት፦ ልብስ ሰፊው ቤቱን ሸጦ ከከተማ ዳር ገዛ፤ ደንበኛ አጥቶ የስፌት መኪናውን ሸጠ። ሹፌሩ ብሩን ለልጆቹ አከፋፍሎ ከአንደኛው ጋር ይኖራል። በርበሬ ቸርቻሪዋ ሌላ ሰፈር ሦስት ክፍል ሠርታ አከራየች፤ ደህና ናት። ባልቴቷ ልጃቸው ዘንድ አረፉ። ደላላው ፎቅ ሠራ። እናትየው በሁለተኛው ዓመት ሞቱ፤ ድንኳኑን የተከሉት ከልጃቸው ሱቅ የመጡ ሰዎች ናቸው። ሰውየው ቤቱን አልሸጠም፣ ብቻውን አለ።

ከዚያ ስብሰባ በኋላ፣ በጥቅምት፣ እትዬ የሺመቤት ሸጡ። የገዛው አምሳሉ አይደለም።