ነርሷ የሰማችው ኑዛዜ

አንድ የታወቁ አስታራቂ ሽማግሌ ነበሩ፤ አቶ ተገኔ ይባላሉ። የተጣሉ ሰዎች ሲቀርቡላቸው ሁልጊዜ የሚጀምሩት «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለው ነበር። ስንቱን ባልና ሚስት በዚህች አባባል አናዝዘዋል!

እኚህ ሰው ወድቀው ጭናቸው ተሰበረና ሆስፒታል ተኙ። ያስታረቁት ሁሉ ሊጠይቃቸው ጎረፈ። «እንዴት አደሩ?» ሲባሉ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላሉ። ተረኛዋ ነርስም ከበር ላይ ትጠይቃለች፤ ያንኑ ትሰማለች፤ «ደህና» ብላ ጽፋ ታልፋለች።

በሰባተኛው ቀን ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ አለ። «ልባቸው ነው» አለ አንዱ ጠያቂ፤ «የለም፣ ሳንባቸው ነው» አለ ሌላው። መቼም በእኛ አገር ሐኪም ያልሆነ ጠያቂ የለም። ልጃቸው እያለቀሰች የነፍስ አባታቸውን አስጠራች።

የዚያን ቀን ተረኛ ሲስተር ስመኝ የምትባል አንጋፋ ነርስ ነበረች። የልብ ምት የምትቆጥር መስላ እጃቸውን ያዘች፤ ዓይኗ ግን ደረታቸው ላይ ነበር። ትንፋሹ እንደሚቆጠር ያወቀ ሰው አተነፋፈሱን ይለውጣልና አልነገረቻቸውም። ሙሉ ደቂቃ ቆጠረች፤ ሠላሳ ሁለት፣ የጤነኛ ሰው እጥፍ ገደማ። ብርድ ልብሱን ገለጥ ስታደርግ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ጠያቂዎቹን አስወጣች፤ መጋረጃውን ጋረደች፤ ጎንበስ ብላም በዝግታ ጠየቀቻቸው።

«አባባ፣ ከተጸዳዱ ስንት ቀን ሆነዎ?»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ከመጣሁ ጀምሮ የለም» አሉ። «ይህ ሁሉ ሰው እያለ ፖፖ ላይ ልቀመጥ፣ ልጄ? እንዳይመጣብኝ ብዬ እህሉንም ውሃውንም ተውኩት።»

«እኔንና እህቴን ሲያስታርቁን ‹በሽታውን የደበቀ› ያሉን እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

አቶ ተገኔ በዚያች ትንፋሻቸው ሳቁ።

ሲስተር ስመኝ ለሐኪሙ ነገረች፤ ሐኪሙም መርምሮ ትንፋሽ ያሳጠራቸው የተወጠረው ሆድ መሆኑን አረጋገጠና መድኃኒት አዘዘ። እሷ አልጋውን ከራስጌው ቀና አደረገች፤ ውሃ እየደጋገመች አጠጣቻቸው፤ እስኪጸዳዱ ድረስም ሰው ወደ መጋረጃው ዝር እንዳይል ከለከለች።

የነፍስ አባታቸው በማግስቱ መስቀላቸውን ይዘው እየተጣደፉ ሲደርሱ፣ አቶ ተገኔ ትራስ ተደግፈው አጥሚት ይጠጣሉ። ትንፋሻቸው ወደ አሥራ ስምንት ወርዷል።

«ለኑዛዜ ነበር የተጠራሁት» አሉ ቄሱ ግራ ገብቷቸው።

«አባ፣ ከባዱን ትላንት ለሲስተር ተናዝዣለሁ» አሉ ሽማግሌው። «ለእርስዎ የቀረልዎ ቀላሉ ነው።»

ወዳጆቼ፣ እኛም ሰው ስንጠይቅ «ይመስገን»ን ሰምተን ለመሄድ እንቸኩላለን። ሕመምተኛን የሚወድ ሰው ግን ቁጭ ብሎ ትንፋሹን ያያል፤ የሚያሳፍረውንም ነገር ሳያሳፍረው ይጠይቀዋል። እስቲ አስቡት፦ በቤታችሁ «ደህና ነኝ» የሚላችሁ ማን ነው? መጋረጃ ጋርዳችሁ ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?