የሾላው በር

«እንጨት የሚሞቀው ሰው ሲነካው ነው» ይል ነበር ዘወትር፣ በጥንት ዘመን በግብፅ አገር በዓባይ ዳር የሚኖር አንድ እንጨት ጠራቢ። ልጁ ብሶይ ግን የሽማግሌ ወሬ ይመስለው ነበር።

አባትየው በእርጅናው ለመንደሩ ቤተ ክርስቲያን የሾላ በር ሠራ። እመቤታችንን ልጇን እንደታቀፈች በበሩ ላይ በመሮ ፈልፍሎ አወጣት። ከዚያ በኋላ መሮ አልጨበጠም፤ ብዙም ሳይቆይ ከዚህ ዓለም አረፈ። ምእመናኑም ሲገቡ ሲወጡ ይዳስሷታል፣ ይስሟታል። ዓመታት ሲያልፉ አፍንጫዋ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ፤ ዓይኖቿም ደበዘዙ።

የብሶይ አንጀት ተቃጠለ። ከአባቱ የቀረው ይህ በር ብቻ ነበርና። በምስሏ ፊት የእንጨት ፍርግርግ ሠርቶ መታበት።

እሑድ አንዲት ጎረቤቱ አየችና ሳቀች። «አንተ ብሶይ፣ እመቤታችን ምን አጥፍታ ነው ያሰርካት? ስንቅ እናቀብላት እንዴ?»

«ሳቂ አንቺ! አፍንጫዋን ጨረሳችሁት እኮ። አባቴ እንደሆነ ተነሥቶ ሌላ አይሠራልኝ!»

እንባውን በእጅጌው ሲጠርግ አይታ ሳቋን ተወች። ከዚያ ወዲህ ማንም አልተናገረውም።

አንድ ቀን አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ በበትሩ እየተመራ ከሩቅ አገር መጣ። እጁን ወደ በሩ ሲዘረጋ ፍርግርጉ አገደው፤ በሩ አጠገብ የነበረውን ብሶይን ጠየቀው።

«ይህ ምንድን ነው ልጄ?»

«ምስሏ እንዳይጎዳ ነው አባቴ። ከዚሁ ሆነው ይሳለሙ።»

«ከዚህ ሆኜማ ምን አደከመኝ? ከቤቴም እሳለም ነበር» አለ ሽማግሌው። ሳይቆጣ ነው ያለው።

ብሶይ መዶሻውን አምጥቶ ፍርግርጉን ነቀለ። የሽማግሌው ጣቶች ከመጎናጸፊያዋ እጥፋት ጀምረው ቀስ እያሉ ወረዱ፤ የሕፃኑን እግር ሲያገኙ ቆሙ። «የእግሩን ጣቶች እንኳ ሠርቶለታል!» አለና አለቀሰ። ብሶይ ያን ሁሉ ዓመት በሩን ሲያይ ኖሮ፣ እነዚያን ጣቶች ልብ ብሏቸው አያውቅም።

«ፊቷ ግን አልቋል፣ ይቅር ይበሉኝ» አለው አፍሮ። ሽማግሌውም አንድ ቃል መለሰለት።

ወገኖቼ፣ የሙት አደራ መጠበቅ መልካም ነው፤ እግዚአብሔርም ይወደዋል። ነገር ግን የምንጠብቀው ከማን ነው? ስንሳሳለት፣ የተሠራለትን ሰው ደጅ እንዳናስቀር።

ብሶይ ፍርግርጉን መልሶ አልመታውም። ሸምግሎ እንኳ፣ «ፊቷ እንዲህ ሲያልቅ እንዴት ዝም ትላለህ?» ሲሉት፣ ያ እንግዳ ጣቱን ከሕፃኑ እግር ሳያነሣ የነገረውን ቃል እንዳለ ይነግራቸው ነበር፦

«ልጄ፣ አባትህ ለዓይን ብቻ ብሎ ቢሆን ኖሮ፣ ቀለም ይበቃው ነበር።»