ሁሉን የሚያስረሳው ክኒን

ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነ የአንድ ልብስ ሰፊ ልጅ ነበረች። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከጓደኛዋ ከማርዳ ጋር የባለሆቴሉ ልጅ የያፌት ልደት ላይ ተጠራች።

ጭፈራው ሲደራ ያፌት ሙዚቃውን አስቆመና በመዳፉ ሙሉ ክኒን ይዞ መጀመሪያ ወደ እነሱ መጣ። እምቢ ያለ ሰው «ፋራ» ተብሎ የሰፈሩ መሳቂያ እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል። ማርዳ አንዱን ተቀብላ በእጇ ያዘች። የልብስ ሰፊው ልጅ ደነገጠች፤ ፊቷ ላይ ግን ፈገግታ እንጂ ፍርሃት አላሳየችም።

«ምንድን ነው እሱ?» አለችው።

«ዝም ብለሽ ዋጪው! ሁሉን ያስረሳል። ካልሆነ በሩ ያውልሽ!»

«አንተስ ወስደሃል?»

«ቅድም ነዋ! ያውም ሁለት!» አለ ደረቱን ነፍቶ።

«አይ ጌታው፣ ለካ እውነትም ያስረሳል! የእኔን እኮ ቅድም ሰጥተኸኝ ውጬዋለሁ።»

ያፌት እሷን አየ፤ መዳፉን አየ፤ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ክኒኑን መቁጠር ጀመረ። እንግዳው ሁሉ በሳቅ አውካካ።

ይሄኔ ማርዳም የያዘችውን ክኒን መዳፉ ላይ መለሰችለትና፣ «እንካ ወንድሜ፣ ለእኔም ረስተህ ደግመህ ሰጥተኸኛል» አለችው።