የገደሉ ነጭና የወንዙ ነጭ

ምርጫ የሚያበዛ ሰው ሲገጥማቸው የእኛ አገር ሰዎች ጣል የሚያደርጓት አንዲት አባባል አለች። ብዙዎች ይስቁባታል። እኔ ግን መነሻዋን ከሰማሁ ወዲህ ሳቄ አይመጣም።

ወይዘሮ አንጓች የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። አንድ ልጃቸውን ደምለውን በጥር ሊድሩ፣ ለሙሽሮቹ ቤት አሠሩ። ቤቱ ተመርጎ ደረቀ፤ የቀረው በነጭ አፈር መቀባቱ ነበር። ነጭ አፈር ደግሞ ከሁለት ቦታ ይመጣል፤ ከገደሉ ሥርና ከወንዙ ዳር። የገደሉ እንደ ወተት፣ የወንዙ እንደ አይብ ነው ይባላል። ልዩነቱን ያየ ሰው ግን ብዙ አልነበረም።

ወይዘሮ አንጓች ሁለቱንም በጥብጠው ግድግዳው ላይ ለሙከራ ጎን ለጎን ቀቡና እስኪደርቁ ጠበቁ። ጠዋት የገደሉ አማራቸው፤ ከሰዓት የወንዙ። የሙሽራዪቱ ዘመዶች ቤቱን አይተው ያሙኛል ብለው ስለፈሩ እንደገና ቀቡ፤ እንደገና ጠበቁ። በመጨረሻ ሠርጉ ወደ ቅበላው ሰሞን እንዲገፋላቸው የነፍስ አባታቸውን መምሬ አስረስን ወደ ሙሽራዪቱ አባት ላኩ።

አባትየው አቶ ወሰኔ አልጋ ከያዙ ሰንብተዋል። እስትንፋሳቸውን ያቆየው የልጃቸው ሠርግ ነበር። ይሉኝታ ይዟቸው ግን እምቢ አላሉም።

«እንደሚመቻችሁ ይሁን» አሉ። «ብቻ ጾሙ ሳይገባ ስትዳር ልያት።»

መምሬ አስረስ ተመልሰው ሰውየው እንደደከሙ ነገሯቸው፤ የፈለግሽውን ቀቢና ጨርሺ ብለውም መከሯቸው። ወይዘሮ አንጓች ነገ እወስናለሁ አሉ። ነገ ሌላ ነገ እየወለደ ቅበላው አለፈ፤ ቤቱ እንዳልተቀባ ሁዳዴ ገባ። በጾም ሠርግ የለምና ነገሩ ሁሉ ከፋሲካ በኋላ ተባለ። አቶ ወሰኔ ፋሲካን አልደረሱም። ልጃቸው የሠርግ ቀሚሷን ሳትለብስ ከል ለበሰች።

ከቀብር መልስ ወይዘሮ አንጓች መምሬ አስረስን ይዘው ወደ ባዶው ቤት ገቡ። ጀንበር እያዘቀዘቀች ነበር። እጃቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው ሁለቱን ነጮች አፈራርቀው አዩ።

«አባ፣ የገደሉ የትኛው ነበር?» አሉ።

መምሬ አስረስ ቀረብ ብለው አዩ፤ እሳቸውም መለየት አቃታቸው። ሴትዮዋ አሳዘኗቸው፤ ዝም ማለትም አልሆነላቸውም።

«ልጄ» አሉ፣ «ነጭ ከነጭ ሲያማርጡ፣ ጾም ገባ።»