የጨፌው ጸጥታ

ጨፌው ያን ጊዜ የሁሉም ነበር፤ የሁሉም ስለነበረም ሁሉም ይነጫነጭበት ነበር። የት እንዳለ አትጠይቁኝ፤ ብነግራችሁ ደግሞ "እሱንማ እናውቀዋለን" ልትሉኝ ነው። በአንድ ጫካ መሐል ምንጭ አለ፤ በምንጩ ዙሪያ በጋ ከክረምት የማይጠወልግ ሰፊ ሣር አለ፤ በሣሩ ዳር ትልልቅ ዋርካዎች አሉ። ሣር በሊው ይግጣል፣ ሥር ፈላጊው ይቆፍራል፣ ጥላ የሚወደው ይጋደማል፣ ክንፍ ያለው አቧራ ላይ ይንከባለላል። "ኧረ እግርህን ሰብስብ!" "ኧረ አቧራሽን ወዲያ በይልኝ!" ሲባባሉ ይውላሉ። ሲመሽ ተኮራርፈው ይለያያሉ፣ ሲነጋ እዚያው ይገናኛሉ።

ንጉሡ አንበሳ ነው፤ ሌላ ማን ሊሆን ኖሯል! እሱ ምግቡ ከሩቅ ሸለቆ ስለሚመጣለት ከጨፌው የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከተቀመጠበት ቋጥኝ ሲያየው እንዲያምርለት። የተቆፋፈረ መሬት ሲያይ ያመዋል። ከርከሮን ግን ይወደው ነበር። ከርከሮ ሲበላ በፊት ጉልበቶቹ ይንበረከካል፤ አንበሳው ይህን ለእሱ የሚደረግ አክብሮት አድርጎ ነበር የሚቆጥረው። ከርከሮ የሚንበረከከው አንገቱ አጭር ስለሆነ ነው፤ ይህን ለንጉሡ የሚነግር ግን አልተገኘም።

ጅግሮች ደግሞ አሉላችሁ። ቅጠል ሲወድቅ ቀቅ! ኤሊ ስትራመድ ቀቅ! አንዷ ሌላዋን በድንገት ስታያት ቀቅ ቀቅ ቀቅ! አርባ ሆነው ባንዴ ሲጀምሩ ጆሮ ይበጥሳሉ። ከመቶ ጩኸታቸው ዘጠና ዘጠኙ በከንቱ ነበር። መቶኛው ለጅቡ ነበር። ሣሩ ውስጥ ተኝቶ ሲሳብ አንዷ ታየዋለች፣ አርባዎቹ ይጮኻሉ፣ ጨፌው ላይ ያለው ሁሉ እግሬ አውጪኝ ይላል፤ ጅቡም ባዶ አፉን ይመለሳል። የጎን አጥንቱ እስኪቆጠር ከስቶ ነበር። ዘጠና ዘጠኙን እየሰሙ የተማረሩት እንስሳት መቶኛውን ልብ ብለውት አያውቁም።

በዚያ ዓመት ሚዳቋ ወለደች። ከዚህ በፊት ሁለት ወልዳ ሁለቱንም በሽታ ወስዶባታል፤ ይኼ ሦስተኛዋ ነው። እግሮቹ ቀጫጭን፣ ዓይኑ ትልቅ፣ ማሙሽ እያለች ትጠራዋለች። ዋርካ ሥር ታስተኛዋለች፤ ገና ዓይኑን ሲከድን ቀቅ! ብድግ ይልና ይንቀጠቀጣል። ጡት ይይዛል፤ ቀቅ! ይለቀዋል። ልጁ ከቀን ቀን እየመነመነ ሄደ፣ እሷም አብራው።

አንድ ቀን ጅቡ ከምንጩ ማዶ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እመት ሚዳቋ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ" አላት።

ሚዳቋ ልጇን ከኋላዋ ደበቀች። "ምን ፈልገህ ነው?"

"እኔ? ኧረ ምንም። መንገደኛ ነኝ። ብቻ ልጅሽ አይተኛም ሲሉ ሰምቼ አንጀቴን በላኝ።"

"በምን ይተኛ! እነዚህ ቀውሶች እያሉ!"

"ሕፃን የሚያድገው በእንቅልፍ ነው" አለ ጅቡ፣ ራሱን እየነቀነቀ። "ጸጥታ ያስፈልግሻል። መብትሽ እኮ ነው! ለንጉሡ አመልክቺ። ጸሐፊው ቀበሮ ወዳጄ ነው፤ አሳምሮ ይጽፍልሻል።"

መቼም እናት ናት፤ እኔ አልፈርድባትም። ልፍረድባት ብልስ ምን ይጠቅማታል? ቀበሮው ጻፈላት፣ እሷም ሰኮናዋን ጭቃ ነክራ አተመችበት። ጽሑፉ አጭር ነበር፦ "ልጄ ይተኛልኝ ዘንድ በጨፌው ላይ ጸጥታ እንዲሰፍን በትሕትና እለምናለሁ።"

ጉባኤ ተጠራ። አንበሳው ቋጥኙ ላይ ወጣ፣ ቀበሮው ከእግሩ ሥር ተቀመጠ፣ ማመልከቻውም ተነበበ። ለካ ሁሉም የሆዱን ይዞ ኖሯል! አንዱ ተነሥቶ ጩኸት ራሱን እንደሚያዞረው ተናገረ፣ ሌላው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ እግሩ መጠምዘዙን አሳየ፣ ሦስተኛው አቧራ ዓይኑን እንዳጠፋው አለቀሰ። ስለ ጅቡ ያነሣ አንድም አልነበረም። ጅቡ ከሁሉም ኋላ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ እንደ ሐዘንተኛ ተቀምጦ ነበር።

የጅግሮቹ እናት ብድግ አለች። ይቺ ሴትዮ እዚህ ላይ አንዲት ቁም ነገር ብትናገር ኖሮ እኔም ይህን ባልተረትኩ ነበር። እሷ ግን ላባዋን ነፋችና፣ "ጩኸት? ማን ነው ጩኸት ያለው? ዘፈን ነው እንጂ! እናቴ ስትዘፍን የዛፉ ቅጠል ይረግፍ ነበር!" አለች።

"ቢቸግረው ነዋ!" አለች ሚዳቋ። ጉባኤው በሳቅ ፈነዳ። ጅግራ ክንፏን ሰብስባ ተቀመጠች።

ከዚያ ከርከሮ ተነሣ። ጉልበቱ ላይ ጭቃ ደርቆበታል፣ አፍንጫው ላይ ሥር ተንጠልጥሏል።

"እኔ እንኳ ንግግር አላውቅም" አለ። "ግን ስበላ ዓይኔ መሬት ውስጥ ነው፣ ምንም አላይም። እነሱ ሲጮኹ ነው ቀና የምለው። እነሱ ዝም ካሉ እኔ መቼ ነው ቀና የምለው?"

"ስትጠግብ ነዋ ጋሽ ከርከሮ!" አለ አንዱ ከኋላ።

እንደዚያ ተስቆ አያውቅም። አንበሳው እንኳ ጢሙን ላሰ። ሚዳቋ ግን ልቧን አንድ ነገር ጫር አደረጋት። ይኼ ጭቃ የለበሰ ሰውዬ ምን ማለቱ ነው ብላ ልታስብ ስትጀምር፣ ማሙሽ ከጎኗ አፉን ከፍቶ አዛጋ። ሐሳቧ በዚያው ጠፋ።

አንበሳው ውሳኔውን በቀበሮው አፍ አስነበበ። ሁሉም በየሰዓቱ፣ ሁሉም በየቦታው ይሁን ተባለ። ጋጮች ጠዋት ይግጣሉ። ጅግሮች ከጨፌው ወጥተው ከዳር ወዳለው የድንጋይ ክምር ይዛወራሉ። ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የጸጥታ ሰዓት ነው፤ አራስና ሕፃን ዋርካው ሥር ይተኛል፣ ማንም በማናቸውም ምክንያት ድምፅ አያሰማም። ቁፋሮ ድምፅ ስለሌለው ከርከሮ በዚሁ ሰዓት፣ ብቻውን፣ ማንንም ሳይረብሽ ይቆፍራል።

"አያ ጅቦስ?" አለ አንበሳው። "አንተ ጨፌውን ለምን ትፈልገዋለህ?"

"እኔ ንጉሥ ሆይ፣ ሣር አልበላ፣ አልቆፍር፣ አልዘፍን" አለ ጅቡ። "ለመንሸራሸር ያህል ነው እንጂ።"

"እንዲህ ያለ ጨዋ ነው የሚያስፈልገን። ጸጥታ ካለ የጸጥታ ኃላፊ ሊኖር ነው። እሱ ይሁን።"

ሚዳቋ ደነገጠች። "ጌታዬ፣ እኔ ጸጥታ ያልኩት... ዝም እንዲባል ነው። ዝምታውን ነው የጠየቅሁት።"

ቀበሮው ወረቀቱን ገልብጦ አየ። "የተጻፈው ጸጥታ ነው እመት ሚዳቋ። ቃሉ አንድ ነው፤ ለአንቺ ስንል ለሁለት አንከፍለውም" አላት። ጉባኤው ወደ ቤቱ ሄደ።

ልዋሽ አልችልም፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ግሩም ነበሩ። ማሙሽ እስኪጠግብ ተኛ፣ እስኪጠግብ ጠባ፤ ሆዱ ሞላ፣ ፀጉሩ አበራ፣ ከእናቱ ጀርባ ላይ ካልዘለልኩ ማለት ጀመረ። ሣሩም አገገመ፣ ከቋጥኙ ላይ ሲታይ ምንጣፍ መሰለ። ሚዳቋ አንዳንዴ ጅቡ ሲያልፍ በራሷ ሰላምታ ትሰጠው ነበር። ምስኪን! እሱም አጸፋውን በጨዋ ደንብ ይመልስላት ነበር።

በዐሥረኛው ቀን ከርከሮ ጠፋ። ሲቆፍርበት በዋለው ቦታ ጭቃው ላይ ሁለት የጉልበት ምልክቶች ጎን ለጎን ቀርተዋል፤ ሌላ ምንም የለም። ቀና አላለም ማለት ነው።

"ሄዶ ይሆናል" ተባለ። "መቼ ተሰናብቶ ያውቃል? ባለጌ ነው።" ጉድጓዶቹ መደፈናቸው ስላስደሰታቸው ወሬው በዚያው ቀረ። የድንጋዩ ክምር ላይ ሆነው ሁሉንም ያዩት ጅግሮች ናቸው። እናትየው አፏን ከፍታ ነበር፤ ሰዓቱን ስታስታውስ መልሳ ከደነችው።

ከዚያ ሦስት ቀን አለፈ። ከቀኑ ሰባት ተኩል ላይ ሚዳቋ ማሙሽን አስተኝታ ውኃ ልትጠጣ ወደ ምንጩ ወረደች፤ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ጠጥታ ቀና ስትል የጅግሮቹን ክምር አየች። አርባዎቹም ድንጋዩ ላይ ተሰልፈው አንገታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙረዋል። አንዳቸውም ትንፍሽ አይሉም። እሷም ዞረች። ጅቡ ወደ ዋርካው እየሄደ ነበር። አይሮጥም፣ አይሳብም፣ አይደበቅም፤ ይንሸራሸራል። ማሙሽ አንገቱን ጎኑ ላይ አድርጎ ተኝቷል።

ያን ጊዜ ሚዳቋ ጮኸች። ሚዳቋ እንዲያ መጮኽ እንደምትችል ማንም አያውቅም ነበር። ዋርካው ሥር የተኙት ሁሉ ነቅተው ተበታተኑ። ማሙሽ ብቻ አልነቃም።

በማግሥቱ ተከሰሰች። አዎ፣ እሷ ናት የተከሰሰችው።

"በጸጥታ ሰዓት ጮኸሻል?" አላት አንበሳው።

"ልጄን በላው!"

"የተጠየቅሽው ሌላ ነው። ጮኸሻል ወይ?"

"ልጄን እኮ ነው የምልዎት! ልጄን!"

"ይኸው አሁንም ትጮኻለች" አለ ቀበሮው፣ እየጻፈ።

ምስክር ተጠራ። የጅግሮቹ እናት ቀረበች።

"በሰባት ተኩል ላይ ድምፅ ሰምተሻል?"

"ሰምቻለሁ።"

"የማን ነበር?"

ጅግራ ያንን ሳቅ አልረሳችም። ሚዳቋን አየት አደረገቻትና፣ "የእሷ ነበር። ዘፈን ግን አልነበረም" አለች። ምን አየሽ ብሎ የጠየቃት የለም፤ እሷም ሳትጠየቅ አልተናገረችም።

ቀበሮው የድሮውን ማመልከቻ አወጣ። "እመት ሚዳቋ፣ ይህ ያንቺ ሰኮና ነው?"

"ነው" አለች፤ አሁን ድምፅዋ አይሰማም።

"'ልጄ ይተኛልኝ' ነው የሚለው። አያ ጅቦ፣ ልጁ በሰዓቱ ምን ያደርግ ነበር?"

"ተኝቶ ነበር" አለ ጅቡ። በእነዚያ ሳምንታት ወፍሮ፣ የጎን አጥንቱ አይታይም። "ከጀመረ እስኪያልቅ አልነቃም። ይህን በእውነት እመሰክርላታለሁ።"

"እንግዲያስ የጠየቀችው ተፈጽሞላታል" አለ ቀበሮው።

አንድ ወር ጨፌውን እንዳትረግጥ ተፈረደባት። አንበሳው ግራ ቀኙን አየና፣ "ሌላ የሚናገር አለ?" ሲል ጠየቀ። ያ ሁሉ እግሩ የተጠማዘዘ፣ ያ ሁሉ ራሱ የዞረ፣ መሬት መሬቱን አየ። ቀበሮው በመዝገቡ መጨረሻ "ጉባኤው በሰላምና በጸጥታ ተጠናቋል" ብሎ ጻፈ። ውሸት አልጻፈም።

ዓመቱ ዞረ። ጨፌው ከመቼውም በላይ አምሯል፤ የሚግጡት እያነሱ ሣሩ እያደገ ሄደ። ጅግሮቹም የሚዳቋን ቅጣት ካዩ ወዲህ ከሰዓቱ ውጪ እንኳ ድምፅ ማሰማት ትተዋል። ሚዳቋም አራተኛ ልጇን ወለደች። አይታ አልጠገበችውም፤ ስም እንኳ አላወጣችለትም፤ ፈርታ። አንድ ቀን በጸጥታው ሰዓት ዋርካው ሥር ረዥሙ ሣር ውስጥ ደበቀችውና ወደ ድንጋዩ ክምር ወጣች። በጅግሮቹ እናት ፊት የፊት ጉልበቶቿን አጠፈች። ከርከሮን መሰለች።

"እመት ጅግራ፣ ይቅር በይኝ" አለች በሹክሹክታ። "ያን ቀን የሳቅሁብሽን ይቅር በይኝ። ከዚህ ሆነሽ ልጄን እይልኝ። እሱ ሲመጣ ካየሽ ጩኺልኝ። ቅጠልም ቢወድቅ ጩኺ፣ ኤሊም ብትሄድ ጩኺ፣ በከንቱም ቢሆን ጩኺልኝ! የሚመጣብሽን ቅጣት እኔ እቀበልልሻለሁ።"

 አሮጊቷ ጅግራ አንገቷን ዘርግታ አፏን ከፈተች። የወጣው ደረቅ ቅጠል ሲታሽ የሚሰማ ዓይነት ነገር ነበር። ደግማ ሞከረች፣ እሱም ጠፋ። ዓይኗ እንባ ሞላ።

"ጠፍቶብኛል" አለች። "ልጆቼን ጠይቂያቸው። እነሱ ጉሮሯቸው ጤነኛ ነው።"

የዓመቱ ጫጩቶች አድገዋል፤ ወፋፍራም፣ ላባቸው የሚያበራ፣ ሥርዓት ያላቸው። ሚዳቋ የምትፈልገውን አስረዳቻቸው። ተያዩ። ከሁሉ የምትተልቀዋ ወደ ፊት ወጣች።

"በደስታ እናደርግልሻለን እትዬ" አለች። "ግን መጮኽ እንዴት ነው? አሳዪን።"

ሚዳቋ ቁልቁል አየች። ዋርካው ሥር ነፋስ በሌለበት ሣሩ ተነቃነቀ። ልታሳያቸው አፏን ከፈተች። ጫጩቶቹ ተሰልፈው፣ ትንፍሽ ሳይሉ፣ አፍ አፏን እያዩ ይጠብቁ ነበር።