የእድራችን ባለወፍራም ጎማ ብስክሌት

ስለ ብስክሌት የምትተረተውን ተረት ዛሬ ያልሰማ የለም። ባለፈው ሰሞን አንዱ ጎረቤቴ መብራት ገና ባልገባበት ቤቱ ፍሪጅ ገዝቶ ሲያስገባ፣ ሰፈርተኛው ተረቷን ጣል አደረገበትና በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም። ይቺ ተረት የወጣችው ከለቅሶ ቤት ነው። ስትነገር እዚያው ተቀምጬ በጆሮዬ ሰምቻታለሁ። አንዳንዱ ደግሞ «ከሸገር የመጣች ናት» ይላል አሉ። ኧረ ወዲያ! ሸገር ዋልካ የት ታውቅና! ተረቷ የእኛ ናት፣ የሰኞ ገበያ።

ሰኞ ገበያን ለማታውቁ ልንገራችሁ። ከተማችን ትንሽ ናት፤ በመሃሏ አንድ የጠጠር መንገድ ያልፋል። ከጠጠሩ ወረድ ካላችሁ ዓይናችሁ እስኪደክም ድረስ ሜዳው ሁሉ ዋልካ ነው፤ ጥቁር አፈር። በበጋ ይደርቅና ኳስ ያጫውታል። ክረምት ሲገባ ያው መሬት ሰው ይይዛል፤ ጫማ ከእግር ላይ ሞልጮ ያስቀራል። ስለዚህ የእኛ አገር ሰው በክረምት ጫማውን በእጁ ይዞ በባዶ እግሩ ነው የሚሄደው፤ ሹምም ይሁን ሙሽራ ለውጥ የለውም።

እኔ አልጣሽ የእድራችን ዕቃ ቤት ኃላፊ ነኝ። ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ አግዳሚው፣ ሳህኑ ሁሉ በእኔ እጅ ነው። ማንኪያ ይዞ የወጣ ማንኪያውን ይመልሳል፤ የጠፋበት ይተካል። ሰዉ «እትዬ አልጣሽ ለማንኪያ ነፍስ ታወጣለች» ይለኛል። ይበል! ማንኪያ የማይጠየቅበት እድር ውሎ አያድርም።

ጡሩምባ ነፊያችን ይርዳው ይባላል። ሰው ሲሞት በማለዳ ጡሩምባውን እየነፋ ሰፈሩን የሚያዳርሰው እሱ ነው። ከዋልካው ማዶ ላሉ ዘመዶች መርዶ የሚወስደውም እሱ ነው። ደግ ሰው ነው ይርዳው፣ እግሩም ፈጣን ነው። አንድ ክፉ አመል ግን አለበት፤ ታይታ ይወዳል። የላይ ሰፈር እድር ለጡሩምባ ነፊው አንዲት አሮጌ ቀጭን ብስክሌት የገዛለት ጊዜ ይርዳው እንቅልፍ አጣ። በየስብሰባው እጁን ያወጣል።

«እኛ ከማን እናንሳለን?» ይላል። «የእነሱ ሬሳ ብስክሌት ሲገባው የእኛ ሬሳ ምን በደለ?»

የእድራችን ዳኛ አቶ ወንድይፍራው መጀመሪያ ዝም አሉት። ኋላ ግን ሰለቻቸው። «በቃ ይገዛ! ጆሯችንን አደነቆርከው እኮ!» አሉ። ወደ እኔ ዞረውም «አልጣሽ፣ አንቺም አብረሽን ነይ፤ የእድር ዕቃ ነውና ተረክበሽ ታመጫለሽ» አሉኝ። ሚያዝያ ላይ ሦስታችን ተነሥተን ደብረ ብርሃን ሄድን።

የገባንበት ሱቅ ከጣሪያ እስከ ወለል ብስክሌት ብቻ ነው። ሻጩ ረጋ ያለ ሰው ነበር። «ለምን ሥራ ነው የምትፈልጉት? መንገዳችሁስ እንዴት ያለ ነው?» ብሎ ጠየቀን። አቶ ወንድይፍራው ሊመልሱለት ሲሉ ይርዳው ጥሎን ሄዷል። ጥግ ላይ ከቆመች አንዲት ብስክሌት ፊት ተገትሯል።

አቤት ጎማ! እኔ እንኳ ደንግጫለሁ። የሞተር ጎማ ከእሷ ይቀጥናል። ይርዳው በርከክ ብሎ በአውራ ጣቱ ይጫናታል፣ መሪዋን ይይዛል፣ በሬ እንደሚገዛ ሰው ዙሪያዋን ይዞራል።

«ይቺ የተራራ ናት» አለ ሻጩ። «ለአሸዋና ለድንጋያማ ቦታ አቻ የላትም። ክብደት ግን አላት። መንገዳችሁ ምን ዓይነት ነው?»

«መንገድ ነዋ!» አለ ይርዳው፣ ቀና እንኳ ሳይል።

«እሱማ መንገድ ነው። ጭቃ አለው ወይ?»

«ጭቃ የሌለው አገር የት አለ ወንድሜ? ይሄን የመሰለ ጎማ ይዤ ጭቃ ልፈራ ነው?»

ሻጩ አልተቆጣም። ቀለል ያለች፣ ጎማዋ መካከለኛ የሆነ ሌላ ብስክሌት አወጣልን። በጎማዋና በብረቷ መሃል እጁን አስገብቶ አሳየን። «የሚጣበቅ ጭቃ ካላችሁ ይቺን ውሰዱ፤ በዚህ በኩል ይራገፍላችኋል። የያቺኛዋ ጎማ ብረቱን ሊነካ ምንም አልቀረው፤ ከተወተፈ አለቀ» አለ።

ይርዳው ለአክብሮት ያህል እንኳ አላያትም። «ይቺማ የከሳች ናት። እድሩ ደጃፍ ስትቆም ሰው ምን ይላል? እነዚህ ሰዎች ረሃብ ገባባቸው እንዴ አይልም?»

አቶ ወንድይፍራው «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሉኝ። ስለ ድስት ብጠየቅ ቀኑን ሙሉ አወራለሁ፤ ስለ ብስክሌት ምን አውቄ! «የሚነዳው እሱ ነው፣ እሱ ይምረጥ» አልኩ። እሱ ደግሞ መርጦ ጨርሷል። የወፈረችዋን መኪና ላይ አስጭነን ተመለስን።

ግንቦትን ይርዳው ነገሠ። ደረቁ ዋልካ ላይ ስትንፈላሰስ አያድርስ ነው። የላይ ሰፈሩ ጡሩምባ ነፊ በቀጭኗ ሲያልፍ ካየ፣ ሆን ብሎ ቆሞ የራሱን ጎማ በእግሩ መታ መታ ያደርጋል። ሰዉም አላገጠበት፤ «ይርዳው ሰው ቶሎ ቶሎ አልሞት ብሎት ተክዟል» ይሉት ነበር። ማታ ማታ ወልውሎ ያስረክበኛል፤ እኔም ቆልፌ አሳድራታለሁ። እውነቱን ለመናገር ዕቃ አያያዙ ያስደስተኝ ነበር።

ሐምሌ ሲጋመስ የወፍጮ ቤቱ አቶ ጌጤነህ አረፉ። ሚስት የላቸው፣ ልጅ የላቸው። ያለቻቸው አንዲት ታላቅ እህት ናት፣ እማማ ጥሩወርቅ፤ እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞቱ ያሳደጓቸውም እሳቸው ናቸው። የሚኖሩት ከዋልካው ማዶ፣ ወይራምባ የምትባል መንደር ነው። ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ተቀጠረ።

«ስልክ ይደወልላቸው» ያለ አንድ ወጣት ነበር፤ ሽማግሌዎቹ አፉን አስያዙት። ብቻዋን ለምትኖር አሮጊት መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ? ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ትውደቅ? መርዶ ሰው ሄዶ፣ ጎረቤት ጠርቶ፣ ባለ ሐዘኗ ግራና ቀኝ ተይዛ ነው የሚነገረው። ያ ሥራ የይርዳው ነው።

ይርዳው ሰፈሩን አዳርሶ ማለዳ ወደ እኔ መጣ። ሌሊቱን ዶፍ ሲወርድ ነበር ያደረው።

«እትዬ አልጣሽ፣ ብስክሌቷን አውጪልኝ።»

«ምነው ይርዳው፣ በእግርህ አትሄድም? በእግርህ እኮ እስከ አራት ሰዓት ደርሰህ ትመለሳለህ፤ ለቀብሩ በደንብ ትደርሳላችሁ።»

«ለእንዲህ ያለው ቀን ካልሆነች ለመቼ ተገዛች? እማማ ጥሩወርቅን ወንድማቸው አፈር ሳይለብስ ካላደረስኳቸው ከሰው አትቁጠሪኝ!»

ልቡ ንጹሕ ነበር፤ ይሄን እመሰክርለታለሁ። ብስክሌቷን አወጣሁለት። «እንደ ወሰድካት መልሳት» አልኩት፤ ለሁሉም የምለው ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ራሱም ነግሮኛል፣ መንገድ ላይ ያዩት ገበሬዎችም ነግረውኛል። ጠጠሩን ሽው ብሎ ጨረሰው። ዋልካው ውስጥ ሲገባ ጎማዋ ጥቂት ዞሮ ጭቃ ለበሰ። ጎማው ሰፊ ነውና የሚያነሣውም ጭቃ ሰፊ ነው። ጎማውና ብረቱ መሃል ገብቶ ተወተፈና ቀጥ አደረጋት። ወርዶ በእንጨት ጠረገ፤ ትንሽ ሄደ፤ ደግሞ ቀጥ አለች። ሊገፋት ቢል አትገፋም፣ ቢጎትታት አትጎተትም። ፔዳሏን በኃይል ሲረግጥ ሰንሰለቷ ተበጠሰ።

«አንተ ሰው፣ ጥለሃት አትሄድም?» አለው አንድ ገበሬ።

«የእድር ዕቃ ናት! ብትጠፋ እትዬ አልጣሽን ምን እላታለሁ?» አለ አሉ።

ይኸው፣ እዚህ ላይ ሲደርስ ሰው ሁሉ በእኔ ያሳብባል። እኔ ማንኪያ መልሱ አልኩ እንጂ መርዶ አሳድሩ አልኩ? ገበሬው ቤት አስቀምጧት ቢሄድ ማን ይበላት ነበር? ግን ሰው ሲኮራና ሲፈራ አንድ ላይ ከሆነ ማሰብ ይሳነዋል። ይርዳው ጋቢውን ጠመዘዘና ልጅ እንደሚታዘል ብስክሌቷን ከነጭቃዋ ጀርባው ላይ አዘላት። በዚያ ዋልካ አንድ እግሩን ሲነቅል ሌላው እየተዋጠ መንገዱን ቀጠለ።

እማማ ጥሩወርቅ ደጃቸው ቆመው ከሩቅ አዩት። «ማነው በዚህ ጭቃ በሽተኛ አዝሎ የሚመጣው?» ብለው ውሃ ሊያመጡለት ገቡ። ሲወጡ የታዘለው ብስክሌት ነው፤ ያዘለው ይርዳው ነው። የእድር ጡሩምባ ነፊ ደጅ ላይ ከቆመ ምን ሌላ ነገር አለ? ጎረቤት መጥራቱም፣ ግራና ቀኝ መያዙም ቀረ። «ጌጤዬን!» ብለው ጮኹ። ስምንት ሰዓት ሆኖ ነበር።

እሪታውን ሰምተው ጎረቤቶቻቸው ተሰበሰቡ። ሴትየዋ ግን ቁጭ ብለው አላለቀሱም። ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና ዋልካውን ተያያዙት። ጎረቤቶቻቸውም ተከተሏቸው። ይርዳው ብስክሌቷን እንደገና አዝሎ ሊከተል ሞከረ። ትንሽ ሄደው ዞር ሲሉ ከኋላቸው የለም።

እኛ እንጠብቃለን። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። አቶ ወንድይፍራው «ይርዳው ብስክሌት ይዟል፣ አሁን ከች ይላል» እያሉ ሰዉን ያቆዩታል። አሥር ሆነ። ሰማዩ ጠቆረ፤ የተቆፈረውም ጉድጓድ ውሃ ማቆር ጀመረ። ካህናቱ «ከዚህ በላይ አይሆንም» አሉ። አፈሩ ሲመለስ እኔ ዓይኔ መንገዱ ላይ ነበር።

ድንኳን ተመልሰን፣ እጃችንን ታጥበን፣ ንፍሮ ስንይዝ እማማ ጥሩወርቅ ደረሱ። እስከ ጉልበታቸው ጥቁር ናቸው። ሁላችንንም ዞር ዞር ብለው አዩንና «ወንድሜን የት አደረጋችሁት?» አሉ። ደግፈን መቃብሩ ዘንድ ወሰድናቸው። እርጥቡን አፈር በእጃቸው እየዳበሱ «ሳልሰናበትህ? ጌጤዬ፣ ሳልሰናበትህ?» ይሉ ነበር።

ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ይርዳው መጣ፣ ብስክሌቷን አዝሎ። ማንም አልሳቀ፣ ማንም አልተሳደበ። እግሬ ሥር አውርዶ «እትዬ፣ ተረከቢኝ» አለኝ። ከጭቃው ብዛት የቱ ጎማ የቱ ብረት እንደሆነ አይለይም። እንባዬ እየወረደ ተረከብኩት።

በማግስቱ እድርተኛው አጉረመረመ። «ይባረር!» ያለው ብዙ ነው። አቶ ወንድይፍራው ግን «የተበደሉት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ያሉት ይሆናል» ብለው ዘጉት። በሣልስቱ ዕለት ይርዳው ትልቅ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ወደ ድንኳኑ ገባና እማማ ጥሩወርቅ ፊት ተንበረከከ። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ቆሙ።

«እማማ፣ አጥፍቻለሁ። ስለ እመቤቴ ይማሩኝ» አለ።

አልምርም ቢሉት በሰኞ ገበያ ጡሩምባ መንፋቱ ቀርቶ የሰው ለቅሶ የሚደርስበት ፊት አይኖረውም። ይሄን እሱም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን።

«ስትገዛት የእኛን መንገድ አስበኸው ነበር?» አሉት እማማ ጥሩወርቅ።

«አላሰብኩትም እማማ። ጎማዋን ብቻ ነው ያየሁት።»

«ስንት ክረምት በባዶ እግርህ መጥተህ ውሃ አጠጥቼሃለሁ። መንገዱን አታውቀውም ነበር?»

«አውቀዋለሁ» አለ ይርዳው፣ ድንጋዩ ሥር ሆኖ እየተንሰቀሰቀ።

«በል አውርደው ልጄ፤ የተሸከምከው ይበቃሃል። እኔ ምሬሃለሁ፣ እግዜርም ይማርህ። ጌጤዬን ሳልሰናበተው መቅረቴ ግን እስክሞት ከሆዴ አይወጣም።»

ይርዳው ድንጋዩን አውርዶ እግራቸውን ሳመ። እሳቸው እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ወደ እኛ ወደ ተቀመጥነው ዞረው፣ «እናንተም ለልጆቻችሁ ንገሩ፤ መንገድ ሳያይ ጎማ የገዛ፣ ብስክሌት አዝሎ ተጓዘ» አሉ።